የጆሮ ጾም

ዐቢይ ጾም ሲገባ የእኛ ሰው ሙዚቃ ይበርዳል። ሠርግ አይኖርም፤ አዳራሽ ተከራይቶ ኮንሰርት የሚያዘጋጅ አይገኝም፤ ኪቦርዲስቱም ድራመሩም ወደ ቀን ሥራቸው ይመለሳሉ። እኛ ያለንበት ሜሪላንድም በዚህ ረገድ ከአዲስ አበባ አይለይም። የእኔ የጠረጴዛ ሥራ የሚበዛው ግን ያኔ ነው።

የሞኒተር ባለሙያ ነኝ። ተመልካች በማያየኝ በመድረኩ ጎን ቆሜ ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛ በጆሮው የሚገባለትን ድምፅ አዘጋጃለሁ። አዳራሹ የሚሰማውን ሌላ ሰው ያሰናዳል፤ እኔን የሚመለከተኝ ድምፃዊቷ ራሷ፣ ክራር መቺው ራሱ የሚሰሙት ነው። ከእንቁጣጣሽ እስከ ጥምቀት፣ ከፋሲካ እስከ ሐምሌው የስፖርት ፌዴሬሽን ሳምንት ከከተማ ከተማ ሲዞሩ የከረሙት የጆሮ ሞኒተሮች፣ እኛ ኢን-ኢር የምንላቸው፣ በጾሙ እኔ ዘንድ ይሰበሰባሉ። የዓመቱን ላብ ይዘው ነው የሚመጡት።

ቤተ ክርስቲያናችን ጾምን የሆድ ጉዳይ ብቻ አድርጋ አታስተምርም። ዓይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ይጹም ትላለች፤ የቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓም ይህንኑ በዜማ ያሳስባል። ሆድ እንዴት እንደሚጾም ሕፃን እንኳ ያውቃል። ዓይን መሬት መሬት ያያል፣ አንደበት ይገታል። ጆሮ ግን እንዴት ነው የሚጾመው? እንደ ዓይን ቆብ የለው፣ እንደ አፍ ከንፈር የለው። ተኝተን እንኳ ክፍት ነው።

የተለመደው መልስ «ክፉ ነገር አለመስማት» ነው፤ ሐሜቱን፣ ዘፈኑን መተው። ይህን መልስ አከብራለሁ። «ዘፈን እያገለገልሽ ስለ ጆሮ ጾም ልትጽፊ?» የሚለኝ እንደሚኖርም አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከንስሐ አባቴ ጋር ተነጋግረንበታል፤ በእኛ መካከል የሆነውን ግን እዚህ አላወጣውም። እዚህ የምለው የሰው ጆሮ በእጄ ስለያዝኩ ያየሁትን ነው። ጆሮ የሚጾመው ድምፅን በመቁረጥ ብቻ አይመስለኝም፤ በመቀነስም ነው። መቀነስ ደግሞ ከመቁረጥ ይከብዳል።

ነገሩን ከጠረጴዛዬ ልጀምር። እያንዳንዱ ጥንድ የአንድ ሰው ጆሮ ልክ ተወስዶ የተቀረጸ ስለሆነ ለሌላ ሰው አይሆንም። ቀዩ ምልክት የቀኝ፣ ሰማያዊው የግራ ነው። ወደ ጆሮ በሚገባው ጫፍ ላይ ድምፅ የሚወጣባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች አሉ፤ የጆሮ ኩክ የሚያስቸግረው እዚያ ነው። በአጉሊ መነጽር እያየሁ፣ ቀዳዳውን ቁልቁል ደፍቼ፣ በትንሿ ብሩሽ እጠርጋለሁ። ቀና ካደረግሁት የጠረግሁት መልሶ ወደ ውስጥ ይወድቃል። የቀረውን በቀጭኗ የሽቦ ቀለበት ከጠርዝ ከጠርዙ ይዤ ወደ ውጭ እስባለሁ፤ ወደ ውስጥ መግፋት የለም። ውሃ ውስጥ መንከርም የለም። አካሉ እርጥበቱ በተጨመቀ ጨርቅ ይወለወላል፤ ገመዱ ላብ ከደረቀበት ከአንገት በኩል ጀምሮ ይጠረጋል፤ መገናኛው ላይ አረንጓዴ ዝገት ከታየ ገመዱ ይቀየራል። ከዚያ ሁሉም እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለበት ሣጥን ውስጥ ያድራሉ።

ስለ ኩክ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው እያፈረ ነው ዕቃውን የሚሰጠኝ። ኩክ ቆሻሻ አይደለም። የጆሮ ቦይ ቆዳ ከታምቡሩ በኩል ወደ ውጭ እያደገ በዝግታ ይጓዛል፤ ኩኩንም አቧራውንም ይዞ ይወጣል። ጆሮ ራሱን ያጸዳል። እኛ መንገዱን በሞኒተር ስለዘጋንበት ነው ዕቃው ውስጥ የሚቀረው። ጥጥ በእንጨት ጠቅልለው የሚጎረጉሩ ሙዚቀኞችን የምቆጣቸው ለዚህ ነው፤ ሲወጣ የነበረውን ወደ ታምቡሩ ይመልሱታል። «አንዱ ጎን ሞተብኝ» ተብሎ የሚመጣልኝ ዕቃም አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም፤ ተደፍኖ ነው።

ከመደፈን ይልቅ የምፈራው መላላትን ነው። የጆሮ ልክ ሲወሰድ ባለሙያው መጀመሪያ ታምቡሩን የሚጠብቅ ክር ያለው ትንሽ ስፖንጅ ከቦዩ ሁለተኛ መታጠፊያ አሳልፎ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ለስላሳ ሲሊኮን ይሞላና እስኪጠነክር ለደቂቃዎች ይጠበቃል። በዚያን ጊዜ ድምፃዊው አፉን መክፈት አለበት፤ በጥርሱ መሀል የሚነከስ ነገር ይደረግለታል። መንጋጋ ሲከፈት የጆሮ ቦይ ቅርጹን ይቀይራልና፣ አፍ ተዘግቶ የተወሰደ ልክ ዘፋኙ ረጅም ዜማ ሲያወጣ ይከፈትበታል። ልኩ በደንብ የተወሰደውም ቢሆን ለዘላለም አይሆንም። ሰው ይከሳል፣ ይወፍራል፣ ያረጃል፤ ጆሮውም አብሮ ይለወጣል።

የላላው ሞኒተር የመጀመሪያ ጉዳቱ ባሱን ማፍሰሱ ነው። ዘፋኙ ግን «ባሱ አመለጠኝ» አይልም፤ «ሙዚቃው ቀጠነብኝ» ይላል። በተከፈተችው ስንጥቅ የድራሙና የአዳራሹ ጩኸት ይገባል። ስለዚህ «ጨምሪልኝ» ይመጣል። ስጨምር ጆሮው ይለምደዋል፤ ሲለምደው ደግሞ ሌላ ይጠይቃል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም የሚመክረው ልክ በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፤ 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ። የእኛ ሰው ኮንሰርት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሞቆ ስንት ሰዓት እንደሚዘልቅ የምናውቅ እናውቀዋለን። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ወደ 15,000 ገደማ ናቸው፤ የሞተው አይበቅልም።

ልክ የገጠመ ሞኒተር የውጭውን ጩኸት 25 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ጆሮ ሲዘጋ ከድራሙ ጋር መፎካከር ይቀራል፤ ሁሉም በዝቅታ ይሰማል። ቀደም ሲል የነበረው ሌላ ነበር፤ መድረኩ ጠርዝ ላይ ወደ ዘፋኙ የተደረደሩ ድምፅ ማጉያዎች እርስ በርስ ሲበላለጡ ያድሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ጄሪ ሃርቪ የተባለው የሞኒተር ባለሙያ ለቫን ሄለን ባንድ ድራመር ለአሌክስ ቫን ሄለን የጆሮ ሞኒተር የሠራለትም ሰውየው በመድረኩ ጩኸት በመቸገሩ ነው። ዕቃው የመጣው ለጆሮ ዕረፍት ነበር። ዕረፍት የሚሆነው ግን ሰውየው ለመቀነስ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ያንኑ ጩኸት ጆሮ ውስጥ አስገብቶ መዝጋትም ይቻላልና።

በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የቆመ ሰው ይህን መቀነስ ሳያስተውለው አይቀርም። ከበሮውና ጸናጽሉ ያርፋሉ፤ ዜማው በመቋሚያ ይዘለቃል። ማኅሌቱ ግን አልቆመም። ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ወገን የሌላውን እየሰማ ይቀባበላሉ። ከበሮው ሲመለስ የትንሣኤው ደስታ ነው፤ እስከዚያው ግን በከበሮው ውስጥ የማይሰማው የአንድ ሽማግሌ ትንፋሽ፣ የአንድ ወጣት ዲያቆን የድምፅ መንቀጥቀጥ ይሰማል። እኔ የጆሮ ጾምን ያየሁት እዚያ ነው።

መድረክ ላይ ከሁሉ በላይ የምሰማት ቃል «እኔን ጨምሪልኝ» ናት። ቃሏን አልንቃትም። ድምፃዊ ራሱን ካልሰማ ከቅኝቱ ይወጣል፤ አንቺሆዬን የመሰለ ክፍተቱ የጠበበ ቅኝት ላይ ትንሽ መንሸራተት ሙሉ ዘፈን ያበላሻል። ራሱን ያልሰማ ይጮሃል፤ የጮኸ ጉሮሮውን ይጎዳል። ራስን መስማት ትዕቢት አይደለም። ነገር ግን ለ«እኔን ጨምሪልኝ» ትክክለኛው መልስ ሁልጊዜ መጨመር አይደለም። የማሲንቆው ጭራ የሚጮኸው የሰው ድምፅ በሚኖርበት ክልል ነው፤ ማሲንቆውን በዚያ ክልል ትንሽ ዝቅ አድርጌ ወደ ግራ፣ እውነትም ሰውየው ወደ ተቀመጠበት ጎን ሳዞረው፣ ድምፃዊቷ ምንም ሳይጨመርላት «አሁን መጣሁ» ትላለች። ሌላውን በቦታው ማስቀመጥ ነው እሷን ያመጣት።

ደግሞ ጆሮ ሲደፈን ሌላ ፈተና ይመጣል። ሰው የገዛ ድምፁን በአጥንቱ በኩል ከውስጥ ይሰማል፤ ጣት ጆሮ ውስጥ ከትቶ የተናገረ ያውቀዋል፤ ድምፁ ይወፍራል፣ ይገዝፋል። ሞኒተር የገጠመ ዘፋኝ ይኸው ይገጥመዋል። ከውስጥ የሚመጣው ድምፅ ትልቅ ነው፣ ደስም ይላል፤ ሌሎች የሚሰሙት ግን እሱን አይደለም። ስለዚህ በማይክሮፎን ያለፈውን፣ ሌላው የሚሰማውን ድምፁን መልሼ አቀርብለታለሁ። ብዙዎች መጀመሪያ አይወዱትም። የዚያን ጊዜ ፊታቸውን ሳይ ንስሐ ለምን ብቻችንን በልባችን እንደማይበቃ፣ ለምን ካህን ፊት በአፍ እንደሚነገር ይገባኛል።

መዝጋትም ልክ አለው። የእኛ ኮንሰርት እንደ ሌላው አይደለም፤ ሰው መድረክ ላይ ይወጣል። ገንዘብ ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ ያቅፋል፣ ይመርቃል። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ወጥተው ድምፃዊቷን ሲመርቁ፣ ሁለቱም ጆሮዋ የተዘጋ ልጅ ከንፈራቸውን ብቻ ነው የምታየው። ስለዚህ አንዱን ታወጣዋለች። ይህ ደግሞ የከፋ ነው፤ በአንድ ጆሮ ሲሰማ ድምፁ ስለሚያንስ በቀረው ጎን መጨመር ይመጣል፣ በተከፈተው በኩል የአዳራሹ ጩኸት እንዳለ ይገባል። ሁለቱም ጆሮዎቿ ይጎዳሉ። ግን እናትን አለመስማትን እንዴት ልምከራት? መፍትሔው መድረኩ ጠርዝ ላይ ሁለት ማይክሮፎን ወደ ሕዝቡ አዙሮ መትከል ነው፤ ጭብጨባውን፣ እልልታውን፣ የምርቃቱን ድምፅ ወደ ጆሮዋ አስገባዋለሁ። አንዳንድ ባለሙያዎች ሚክሱን ያቆሽሻል ብለው ይተዉታል። እኔ አልተወውም። ሰውን እስከ ማጣት የሚዘጋ ጆሮ ጾመ ማለት አልችልም።

የቀረውን የጉዞ ዝግጅት ባጭሩ ልለፈው። ባትሪ በየዝግጅቱ አዲስ ይገባል፤ ግማሽ የቀረው ለልምምድ ይቀመጣል። ፍሪኩዌንሲ በየከተማው ይፈተሻል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የ600 ሜጋኸርዝ ክልል አብዛኛው ለሞባይል ኩባንያዎች ከተለቀቀ ወዲህ የድሮ ዋየርለስ ይዞ መጓዝ አይቻልም። የሀበሻ ቀሚስ ኪስ ስለሌለው መቀበያው በመቀነቱ ሥር ይታሰራል። እስክስታ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ገመዱ ከማጅራት ላይ በፕላስተር ይያዝና ከዚያ በላይ ትርፍ ይተውለታል፤ አለበለዚያ ትከሻው ሲመታ ሞኒተሩን ከጆሮው ይነቅለዋል።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን ሁላችን እናውቀዋለን። በአክሱም፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጠው ጦራቸውን የያሬድ እግር ላይ ተከሉት፤ ወጊውም ተወጊውም አላወቁም። ስንተርከው የምናደንቀው የያሬድን ተመስጦ ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ከሥራዬ የተነሣ ዓይኔ ጦሩን የያዘው እጅ ላይ ይቀራል። ንጉሡን መውቀሴ አይደለም። በእጁ የሚወጋ ነገር የያዘ ሰማዒ ግን የመመሰጥ መብቱ የጠበበ ይመስለኛል። ትዝታ ሲገባ፣ አዳራሹ ሁሉ ሲያለቅስ፣ እኔ እጄ የሰባት ሰው ጆሮ የሚነዳው መቆጣጠሪያ ላይ ነው። ደስታዬን የምተውበት ሰዓት ያ ነው፤ እሱንም ከጾም እቆጥረዋለሁ።

አንድ አንጋፋ ድምፃዊ አሉ። ያለ ጆሮ ሞኒተር፣ በትልልቅ ድምፅ ማጉያ መሀል ዘመናቸውን የዘፈኑ ናቸው። ባለፈው የጉዞ ወቅት የሚፈልጉት ድምፅ ከከተማ ከተማ ከፍ እያለ ሄደ። ዕቃውን ፈተሽኩት፤ ንጹሕ ነው፣ አልላላም።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ደክሟል መሰለኝ፤ ጨምሪልኝ።»

በሙያችን አንድ ልማድ አለ፤ የማይሠራ መቆጣጠሪያ ነክቶ «ጨምሬያለሁ» ማለት። ብዙ ጊዜም ዘፋኙ «አሁን ጥሩ ሆነ» ይላል። ጉዳት የለውም የሚሉ አሉ፤ እንዲያውም ጆሮውን አዳንኩለት ይላሉ። እኔ አልቀበለውም። ጆሮውን አምኖ የሰጠኝ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰማውን እውነት ነው ብሎ ነው የሚዘፍነው። እዚያ ላይ ከዋሸሁት፣ ለበጎ ብዬም ቢሆን፣ የሚቆምበትን መሬት ነው የወሰድኩበት። ዝም ብሎ መጨመርም ያው ነው፤ ፈገግ ይሉልኛል፣ ጆሯቸው ይሄዳል።

«ጋሼ፣ ዕቃው ደህና ነው።»

«እና ምንድን ነው?»

«ጆሮዎን ቢታዩ ደስ ይለኛል። የግራውን ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ እያመለጠው መሰለኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

ሞኒተሩን በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት። «ሌሊት ሌሊት ይጮህብኛል» አሉ ቆይተው። «ለማንም አላልኩም። እውነቱን ንገሪኝ፤ ስንት ዓመት ይዘፈንበታል?»

ስንት ዓመት እንደሚዘፈንበት የምመልሰው አልነበረኝም። ያለኝን ነገርኳቸው፤ ሐኪም ዘንድ እንሂድ፣ እስከዚያው ግን ከዚህ በላይ አልጨምርም፣ የሌሎቹን እቀንሳለሁ፣ ያጡትን የድምፅ ክልል ብቻ ለይቼ ጥቂት አነሳለሁ። ተስማሙ። የዚያን ምሽት በዝቅታ ዘፈኑ፤ መጀመሪያ ተጨነቁ፣ ከዚያ ጀርባቸው ያለው ሳክስፎን የሚለው ምን እንደሆነ ገና እንደሰሙ ሁሉ ዞረው ያዩት ጀመር።

በዚያ ሰሞን ያሰብኩት ካህኑን ዔሊን ነበር። ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት ሲጠራ ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጠ። ድምፁን ዔሊ አልሰማውም፤ ዓይኑም ፈዝዟል፣ ቤቱም ተበላሽቷል። ቢሆንም የሚጠራው ማን እንደሆነ አውቆ፣ ተመልሰህ ተኛ፣ ሲጠራህም እንዲህ ብለህ መልስ ብሎ ላከው። ለሌላው ጆሮ የሠራ፣ ለራሱ ያልተነገረው ሰው ነው። ሲነጋም የሰማኸውን አንዳች አትደብቀኝ አለው፤ የተነገረው በራሱ ላይ የተፈረደ ፍርድ ነበር፤ ሰምቶም ተቀበለው። ጋሼ «እውነቱን ንገሪኝ» ሲሉኝ በአንድ አፍ የዔሊ ጥያቄ መጣ። የማያስደስተውን ለመስማት ጆሮውን የከፈተ ሰው፣ ከሽሮው ይልቅ በዚያ ጾሟል ብዬ አምናለሁ።

ዘንድሮ በጾሙ መግቢያ ሐኪም ዘንድ አብረን ሄድን። ምርመራው የጠረጠርነውን አረጋገጠ፤ የቀረው ጆሮ ግን ለብዙ ነገር ይበቃል ተባለ። ሐኪሙ ኩኩን አጽድቶ አዲስ ልክ እንዲወሰድላቸው አዘዘ። አፋቸውን ከፍተው፣ ሲሊኮኑ እስኪጠነክር፣ መናገር የማይወዱ ያህል ዝም ብለው ተቀመጡ። ሌሎቻችሁም ሙዚቃው የቀጠነባችሁ፣ ወይም ባለፈው ዓመት የከሳችሁ፣ ልካችሁን ከደብረ ዘይት በፊት አስወስዱ። ላቦራቶሪው ቀርጾ እስኪልክ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ እኔም ከፋሲካው ኮንሰርት በፊት በዝቅታ አብረን የምንለማመድበት ጊዜ እፈልጋለሁ። ከወራት ዕረፍት በኋላ የመጀመሪያው ምሽት ጆሮ ትንሽ ድምፅ ይበቃዋል። በዚያ ምሽት የበቃችሁን ልክ ሚክሰሩ ላይ በቴፕ እጽፈዋለሁ፤ በሐምሌ «ጨምሪልኝ» ስትሉኝ እሱን ነው የማሳያችሁ።